የተለዋወጡት አገር

በ2012 ዓ.ም. ክረምት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ ወራት አልፈው ስለነበር መምህሩ ባለቤቴ ደብረ ታቦር ቤታችን ውስጥ በትካዜ ተቀመጠ። ልጃችን በኮምፒዩተር ሁለት ሰዎች አገር እያቀኑ ለወራት የሚፎካከሩበትን ጨዋታ አስተማረችው፤ ፊቱም ፈታ አለ። በሁለተኛው ወር ግን እሷን ማሸነፉ አስቀድሞ ስለታወቀ ሰለቸው። ትካዜው ሲመለስ አይቼ ፈራሁ።

ልጄ አልለመነችውም። ገበሬ የደከመ ማሳ እንደሚያሳርፍ ጨዋታውን አንድ ሳምንት አሳረፈችው። ከዚያ፣ «አባባ፣ የአንቱን ሰፊ አገር እኔ ልያዝ፤ የእኔን ጠባቧን አንቱ ይያዙ» አለችው።

«አንቺ ቀማኛ! ስንት ደክሜ ያቀናሁትን?» ብሎ ሳቀ፤ ወንበሩንም ወደ ኮምፒዩተሩ ሳበ።

ይህን ብልሃት እኔ አላስተማርኋትም። በማግስቱ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስለ እሷ አመስግኜ ሰገድሁ።