እሁድ እሁድ የሚያርፈው ሰርቨር

እንደተመረቅን እኔና ጓደኛዬ ታምራት ሆሳዕና ውስጥ ለትምህርት ቤቶች ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። ኮዳችንን የምናስቀምጠው በራሳችን ሰርቨር ነው፤ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ «ኮንቴይነር» በሚሉት የሶፍትዌር ማሸጊያ ያስነሳነው። ቢሮ ስላልነበረን የታምራት እናት ሳሎን ጥግ አስቀመጥነው፤ እሳቸውም ዳንቴል አለበሱት።

ታዲያ እሁድ ጠዋት በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ይጠፋል። «አንተ ነህ ያበላሸኸው» እየተባባልን ኮንቴይነሩን ስንት ጊዜ አፍርሰን ሠራነው! በመጨረሻ አንድ እሁድ በጠዋት ሄጄ ባይ ሶኬቱ ተነቅሏል። እማማ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ሊወጡ ነው።

«ስድስት ቀን ሙሉ ሠራላችሁ፤ እሁድ እንኳ ይረፍ እንጂ!» አሉኝ።

ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ራሳቸው ይሰኩታል። ተከራክሬ አልቻልኳቸውም። እኛም እሁድ መሥራት ትተን ምሳ እሳቸው ጋ መብላት ለመድን። እንደዚያ የጠገብኩበት ጊዜ የለም።

በኋላ ታምራት አዲስ አበባ ሥራ ያዘ፤ እኔ ዱራሜ ተቀጠርኩ። ኮዱን ወደ ሌላ ቦታ አዛወርነውና አሮጌውን ሰርቨር እዚያው ረሳነው።

ዘንድሮ፣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ለሰርግ ሆሳዕና ሄጄ እሁድ ከሰዓት እማማን ልጠይቅ ጎራ አልኩ። ከጸሎት ቤት ገና መግባታቸው ነበር። ልስማቸው ስጠጋ በእጃቸው ከለከሉኝ። ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ ሳሎኑ ጥግ ሄዱ፤ ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው ሶኬቱን ሰኩ።

«ቆይ ልጄ፣» አሉኝ፣ «መጀመሪያ ሥራችሁ ይቀጥል።»