የአሥራ ሁለተኛው ሰው ቅል

አቶ ዋለን በደንብ አውቃቸዋለሁ ማለት አልችልም። ያገኘኋቸው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱን ጊዜ እንዲያውም ሰላም ተባብለን ተለያየን። ከማስተምርበት ከመካነ ኢየሱስ እሳቸው እስካሉበት እስከ ጉና ግርጌ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ እኔም ሰው ቤት ገብቼ ወግ መክፈት አልችልበትም። ስለዚህ እዚህ የጻፍኩት እሳቸው ራሳቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ካሣነሽና ጎረቤታቸው አያ ጓዴ የነገሩኝን ብቻ ነው። ያጎደልኩት ይኖራል።

አቶ ዋለ የእሳት አበጋዝ ናቸው። በበጋ ጉና ላይ ያለው የጓሳ ሣርና የአስታ ቁጥቋጦ ሲቀጣጠል ቀንድ ይነፋል፤ ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ ይወጣል። ከወጡት መካከል ማን እሳቱ ፊት እንደሚቆም የሚመርጠው ግን አበጋዙ ነው። ሹመቱ ከአባታቸው የወረደ ነው። ደመወዝም ወረቀትም የለውም፤ ሕግ ግን አለው። ከዚህ በፊት ሁለት እሳት ያላየ አይገባም። ሐዘን ላይ ያለ አይገባም፤ ልቡ ሌላ ቦታ ነውና። ለእናቱ አንድ የሆነ አይገባም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አበጋዙ ፊት አንድ ቅል ውሃ ያልጠጣ አይገባም። ጠጪው ቅሉን ለአበጋዙ ይሰጣል፤ አበጋዙ መሬት ላይ ይገለብጠዋል፤ ጠብታ ካልወረደ ሰውየው አለፈ ማለት ነው። ጾም ቢሆንም ይጠጣል፤ ቄሱ እዚያው ቆመው ይፈቱታል።

«ውሃ ያልጠጣ ሰው መጀመሪያ ላቡ ይቆማል» አሉኝ አቶ ዋለ። «ከዚያ ያለ ነገር ይስቃል። ከዚያ ይቀመጣል። እሳት ፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ አይነሣም።»

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. መጋቢት፣ በሁዳዴ፣ ረፋዱ ላይ ቀንዱ ተነፋ። እሳቱ ከላይ ተነሥቶ ወደ መንደሩ ይወርድ ነበር። የሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ክዳኑ ሣር ነው፤ ከሱ ዝቅ ብሎ አርባ የሣር ቤት አለ። እሳቱን ማቆም የሚቻለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ በገደሉና በወንዙ መካከል። እዚያ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ አፈሩ ተገልብጦ እሳቱ የሚበላው ሊያጣ ይገባል። ቦታው አሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ስድስት በገጀራና በማጭድ፣ ሦስት በዶማ፣ ሦስት ደግሞ የሚያልፈውን ፍንጣሪ በእርጥብ ቅጠል የሚመቱ። አሥራ አንድ ከሆኑ አንድ በር ክፍት ቀረ ማለት ነው።

በዚያ ሳምንት የመንደሩ ጎልማሶች ለመንገድ ጠረጋ ተጠርተው ወርደው ነበር። ቀንዱን ሰምተው የመጡት አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው። አቶ ዋለ እያዩ፣ እየጠየቁ አሥራ አንድ መረጡ። አሥራ ሁለተኛው ጠፋ።

ያኔም ሰባ ያለፋቸው አያ ጓዴ ዱላቸውን ተደግፈው ቀረቡ።

«እኔን አስገባኝ።»

«አያ ጓዴ፣ እርስዎ ምድጃ ዳር ሲቀመጡ እንኳ እንቅልፍ ይወስድዎታል።»

«የምድጃው እሳት ሰነፍ ስለሆነ ነው። ይኸኛው ያነቃኛል።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ታፈረ ወደ ፊት ወጣ። ታፈረ የወይዘሮ ካሣነሽ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሠላሳ ዓመቱ፣ ሦስት እሳት ያየ፣ ጉልበቱ የተመሰከረለት። ነገር ግን ትንሿ ልጁ ከጥር ጀምሮ ታማ ተኝታለች፤ እሱም እግዚአብሔር እሷን እንዲምርለት ሁዳዴን እስከ ፋሲካ፣ በየቀኑ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እህልም ውሃም ላይቀምስ ተስሏል። ይህን የማያውቅ የመንደሩ ሰው አልነበረም።

«አንተ አትገባም» አሉት አቶ ዋለ።

«ሌላ ማን አለዎት?»

«ስለትህስ?»

«እጠጣለሁ።»

ቄሱ፣ አባ ወልደ ሩፋኤል፣ መስቀላቸውን አነሡ። «ፈትቼሃለሁ፣ ልጄ። ስለቱ በእኔ ላይ ይሁን» አሉት። ታፈረ መስቀሉን ተሳለመ።

ከእንስራው እየቀዱ የሚያድሉት ወይዘሮ ካሣነሽ ነበሩ። አሥራ አንዱ ጠጡ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ቅሉ ተገለበጠ። ታፈረ ለመጠጣት ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። በዚያው ቅጽበት ነፋሱ ዞሮ የጭሱ ሽታ መጣ። አቶ ዋለ ቅሉን ከታፈረ ተቀበሉ፤ ለሚስታቸው መለሱ፤ «ግቡ» አሉ።

እስከ ስምንት ሰዓት መስመሩ በደንብ ሄደ። ታፈረ የገደሉን ጫፍ ይዞ ይመነጥር ነበር። ከጎኑ የነበረው አስማረ በኋላ እንደተናገረው፣ ታፈረ በድንገት ሳቀ። አስማረ ቀልድ ያመለጠው መስሎት አብሮ ሳቀ። ቀጥሎ ታፈረ ተቀመጠ። አስማረ የሚጸልይ መስሎት ትቶት እየመነጠረ ራቀ።

አቶ ዋለ ከወንዙ በኩል ሆነው አዩት። መካከላቸው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነበር፤ እሳቱም ደርሷል። ሰው ወደ ገደሉ ቢልኩ መስመሩ ይከፈታል፤ ከመስመሩ በታች አርባ ቤት አለ። በቀንዱ ጠሩት። አልተነሣም። ስሙን ጠሩ። አልተነሣም። ማንንም አልላኩም፤ ቀንዱን ጥለው ራሳቸው ሮጡ። ግማሽ መንገድ ላይ ጭሱ ወርዶ ገደሉን ሸፈነው። በሆዳቸው እየተሳቡ ገቡ፤ በእጃቸው እየዳሰሱ ፈለጉት፤ ያገኙት ገጀራው እጁ ላይ እንዳለ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። እግሩን ይዘው ጎተቱት። የወጣው ሬሳው ነበር።

ታፈረ ከመቀመጡ በፊት ድርሻውን መንጥሮ ነበርና መስመሩ ያዘ። ቤተ ክርስቲያኑ አልተነካም፤ ከአርባው ቤት አንድም አልተቃጠለም።

ልጅቱ ዳነች። እናቷ ሌላ አግብታ ወደ ስማዳ ስለሄደች አሁን የምትኖረው እነ አቶ ዋለ ቤት ነው። የአባቷ ስለት ደረሰ የሚሉ አሉ፤ አቶ ዋለ ይህ ሲነሣ ከቤት ይወጣሉ። ቀንድ ሲነፋ ግን ዛሬም የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው እንዲሾም ሁለት ጊዜ ለምነው ነበር፤ የሚቀበል ጠፋ።

ወይዘሮ ካሣነሽ ያጫወቱኝ ባለቤታቸው ከብት ሊያጠጡ በወረዱበት ሰዓት ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቅሉ ሲመለስልኝ ከባድ ነበር» አሉኝ። «ባዶ ቅል እንደዚያ አይከብድም። እንደ ያዝኩት ቆምኩ። ልናገር ብዬ ነበር፤ ልጆቼ እታች ቤት ውስጥ ናቸው። ዝም አልኩ።»

«ለአቶ ዋለ ነግረዋቸው ያውቃሉ?»

«ምን ብዬ? ከእጄ በፊት እሳቸው እጅ ነበር እኮ።»

አቶ ዋለ ሲመለሱ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ አብረን ተቀመጥን። ወደ ጉና ሽቅብ እያዩ ዘንድሮ ጓሳው ቶሎ እንደ ደረቀ፣ ከመንደሩ ለእሳት የሚሆኑት ዘጠኝ ብቻ እንደሆኑ ነገሩኝ። ልነሣ ስል፣ የታፈረን ቅል ለምን እንዳልገለበጡት ጠየቅኳቸው።

ዓይናቸውን ከተራራው ሳያነሡ፣ «እሱን አትጠይቀኝ፣ መምህር» አሉኝ።