የዘለልኳት ስም

አባቴ ቀለመ ወርቅ ይባሉ ነበር። ስማቸው የደብተራ ይመስላል እንጂ ገበሬ ነበሩ። ዳዊት ደግመው ቅኔ ቤት ሊገቡ ስንቅ ተቋጥሮላቸው ሳለ አባታቸው ሞቱባቸው፤ ስንቁ ለለቀስተኛ ዋለና በሳምንቱ ሞፈር ጨበጡ። ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ እንደ ዳዊት የደገሙት አንድ ነገር ቢኖር የዘር ቆጠራቸውን ነው።

አገራችን ስማዳ ነው። ከወገዳ ገበያ ግማሽ ቀን ተኪዶ የሚገኝ፣ ባንድ ጎኑ ገደል፣ በሌላ ጎኑ ድንጋይ የሆነ አጥቢያ። ልጅ ሳለሁ ጠላሁት። ምን ብዬ እዋሻለሁ፣ በጣም ነበር የጠላሁት። ገብሱ ሊደርስ ሲል በረዶ ይመጣል። በረዶው ሲተው ጭቃ ሹሙ ይመጣል። እሱ ሲሄድ ደግሞ ዘመድ ይመጣል፣ "ይቺ ድንበር የኔ ናት" ሊል። የአጎትና የአክስት ልጆች ላንድ ክንድ መሬት አሥር ዓመት ይካሰሳሉ። ታዲያ ችሎት የሚሄዱት አብረው ነው፤ መንገድ ላይ ስንቃቸውን ባንድ ፈትተው ይበላሉ፣ ዳኛ ፊት ሲደርሱ ይዘላለፋሉ፣ ሲጨርሱ እንደገና አብረው ይመለሳሉ። እኔ ይኼን እያየሁ "እንዲህ ያለ አገር!" እል ነበር።

አባቴም ያማርሩ ነበር። ማረሻቸው ድንጋይ ነክሶ በቆመ ቁጥር በሬዎቹን አስቁመው፣

"ይኼ ድንጋይ ሌሊት ሌሊት ይወልዳል እንዴ? አምና ለቅሜ ጨርሼው የለም!" ይላሉ።

አንድ ቀን ከእስቴ የመጣ ጨው ነጋዴ አህዮቹን ከደጃችን አሳርፎ፣ "አባቴ፣ እዚህ ድንጋይ ላይ ምን ትበላላችሁ?" አላቸው።

"ድንጋዩን ቆልተን ነዋ" አሉት። ከዚያ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አስቀርበው፣ "በል ቅመሰው፣ የኛን ድንጋይ" እያሉ፣ በቃኝ እስኪል አስቃሙት። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን ፊታቸው ጠቁሮ ዋለ።

"አባባ፣ እርስዎ ራስዎ ጠዋት ሲረግሙት አልነበር?" ብላቸው፣

"እኔ ልርገመዋ! እኔ ለቅሜዋለሁ" አሉኝ።

ከመሬታቸው ሁሉ የሚወዱት ካብ ሥር የሚባለውን ማሳ ነበር። አፈሩ እንዳይሸሽ ከገደሉ በኩል ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለው። ያንን የካበችው የአባቴ አያት ወለተ ጊዮርጊስ ናት። ቁምጥና ነበረባት። ሰው ሸሽቷት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆ ቀልሰው ለይተዋት ነበር። ክፉ ቀን የመጣ ጊዜ ከብቱ አለቀ፣ ሰውም እህል ፍለጋ ወደ ቆላ ተበተነ። እሷን ማን ይውሰዳት? ብቻዋን ቀረች። ጣት በሌለው መዳፏ ድንጋይ እየገፋች ካበች፤ ከካቡ ሥር መሬቱን በእንጨት እየጫረች እፍኝ ገብስ ዘራች። ልጇ ካሣነሽ ከስደት ስትመለስ መሬቱን ዳዋ ሳይውጠው፣ ባዕድ ሳይገባበት፣ እናቷንም በሕይወት አገኘቻት።

በኛ አገር ያን ጊዜ መሬት በወረቀት አይያዝም። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጋራ የሚያገናኘውን ዘር በሴትም በወንድም ቆጥሮ ያስረዳ ርስቱን ያገኛል። የኛ ቆጠራ ሰባት ስም ነበር። እናቴ በልጅነቴ ሞታለች፣ ወንድም የለኝም፣ ስለዚህ አባቴ ቆጠራውን ለኔ አስያዙኝ። ድንጋይ እየለቀምን እሳቸው በዘንጋቸው መሬቱን ይመታሉ፣ እኔ በየምቱ አንድ ስም እላለሁ።

"ቀለመ ወርቅ የካሣነሽ፣ ካሣነሽ የወለተ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ጊዮርጊስ የደሴ፣ ደሴ የወለተ ሚካኤል፣ ወለተ ሚካኤል የወልደ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ጊዮርጊስ የዘኢየሱስ።" ዘኢየሱስ አቅኚው ነው።

"አባባ፣ እሷን ብንተዋትስ?" አልኳቸው አንድ ቀን። ከፍ ብዬ ነበር፣ በሦስተኛዋ ስም ማፈር ጀምሬ ነበር።

ዘንጉ ቆመ። "እሷን ትተሽ እኔን ከየት ታመጪኛለሽ?" አሉኝ።

ማፈሬ ያለ ነገር አልነበረም። ቁምጥና በዘር ይወርዳል ተብሎ ይፈራል፤ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ አስቀድሞ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከንፋስ መውጫ ጨርቅ የሚነግድ ፈንታው የሚባል ሰው ሽማግሌ የላከብኝ ዕለት አባቴ እግር ላይ ወድቄ "እባክዎ እሷን አያንሷት" አልኩ።

"ካልጠየቁኝ አልቀባጥርም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም" አሉ።

ደግነቱ ሽማግሎቹ እስከ ካሣነሽ ድረስ ጠይቀው ተዉት። ተዳርኩ። ንፋስ መውጫ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ገባሁ፤ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ነበርንና ፊደልም እዚያው ለየሁ። "አገርሽ ወዴት ነው?" የሚለኝ ሲመጣ "ወዲያ ነው" እላለሁ። ከዚህ የሚበልጥ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

በአምስተኛው ዓመት፣ በጥር፣ መልእክት መጣ። አባቴ ታመው አንደበታቸው ተይዟል፤ መናገር አይችሉም። ባዩም ካብ ሥርን ይገባኛል ብሎ ከሷቸዋል። ባዩ የአባቴ ዘመድ ነው፣ ከወልደ ጊዮርጊስ በሌላ በኩል የሚወለድ። አባቴና እሱ አንድ አንድ በሬ አውጥተው ተቀናጅተው ነበር የሚያርሱት። ክሱንም ከመሠረተ በኋላ በሬውን አልነጠለም። በአባቴ ፈንታ ምሎ የሚቆጥር የወለዱት ልጅ ነው፣ ያም እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ካልቆጠርኩ ካብ ሥር ሄደ ማለት ነው።

ሴት ብቻዋን መንገድ አትሄድም ተብሎ የባሌ አጎት ኃይለ ሚካኤል በበቅሎ ይዘውኝ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ግን ያዩትን ሁሉ ለባሌ እናት የሚያወሩ ሰው ነበሩ። መንገዱን በሙሉ እሳቸው ስለ ቁልቁለቱ ሲያማርሩ እኔ አንድ ስም በሆዴ ሳገላብጥ ሁለት ቀን ሄድን።

ችሎቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ከወይራው ሥር ተቀመጠ። የአጥቢያው ሰው በሙሉ ወጥቷል። አንድ ሽማግሌ በየስሙ አንድ ጠጠር ሊጥሉ ነጠላቸውን ዘረጉ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፤ አፋቸው ወደ ግራ ሄዷል። ሲያዩኝ ዓይናቸው ሳቀ። ዘንጋቸውን አነሡ።

ማልኩ። ጀመርኩ። "ቀለመ ወርቅ።" ዘንጉ መሬቱን መታ፣ ጠጠሩ ወደቀ። "ቀለመ ወርቅ የካሣነሽ።" መታ። ቀና ስል ኃይለ ሚካኤል ከሰዎቹ ኋላ ቆመው እጃቸውን ከጆሯቸው አስጠግተው ያዳምጣሉ።

"ካሣነሽ የደሴ" አልኩ።

ዘንጉ አልወረደም። እንደተነሣ አየር ላይ ቀረ። እኔ ግን አላቆምኩም፤ ወለተ ሚካኤል፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ዘኢየሱስ እያልኩ በጥድፊያ ጨረስኩ። የአባቴ ዘንግ እስከ መጨረሻው እዚያው አየር ላይ ነበር።

"ጠጠሩ ይቆጠርልኝ" አለ ባዩ።

ስድስት ሆነ፤ አንድ ጎደለ።

የአጥቢያ ዳኛው ደግ ሰው ነበሩ። "ልጄ፣ ደንግጠሽ ይሆናል። ረጋ በዪ። ካሣነሽን የወለደ ማን ነው?" አሉኝ።

ያ ሁሉ ሰው መልሱን ያውቃል። መካከሉ ያደግሁበት ሰው ነው፣ ካቡን በየቀኑ ያየዋል። አንዲት አሮጊት ጉሮሯቸውን ጠርገው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። ወደ ባዩ አየሁ። "የቆማጣዋ ዘር መሆኗን አፍራ ነው" ብሎ አንድ ቃል ቢናገር ትዳሬ እዚያው አበቃ። ባዩ መሬት መሬቱን ያያል።

"ይኸው ነው። ሌላ አላውቅም" አልኩ።

አባቴ ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ አወጡ። ቃል አልነበረም።

"ጎድሏል፣ እንግዲህ ይበቃል" አለ ባዩ፣ ቶሎ ብሎ። ምሎ የሳተ ቆጣሪ ዳግመኛ አይሰማምና ካብ ሥር ለባዩ ተፈረደ።

ኃይለ ሚካኤል በቅሎዋን እየጫኑ፣ "አይ ስማዳ! ድንጋይ ብቻ፤ የአያታቸውን ስም እንኳ አስተካክለው አይቆጥሩም" ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ፣ እንደዚያ ሳቅ ግን የሚያንገበግበኝ የለም።

ስንወጣ መንገዱ በካብ ሥር በኩል ነበር። አባቴ ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ሊሸኙን መጡ። ካቡ አንድ ቦታ ላይ ተንዶ አንድ ድንጋይ ወድቋል። ጎንበስ አሉ፣ በደህናው እጃቸው ድንጋዩን አንሥተው ቦታው መለሱት፣ እንዳይነቃነቅ ጠጠር ወሸቁለት። መሬቱ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የባዩ ነው። ተሰናበትኳቸው፤ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ዓይኔን ግን አላዩትም።

በሰኔ ሞቱ። ዝናቡ ወንዙን ሞልቶት መርዶ ነጋሪው ስለዘገየ ለቀብር አልደረስኩም፤ ለአርባቸው ነው የደረስኩት። አሁንም ኃይለ ሚካኤል ነበሩ ያመጡኝ። ለዝክሩ የሚሆነውን ገብስ ያመጣው ባዩ ነው፣ ሦስት ዳውላ፣ ካብ ሥር የበቀለ። የአባቴንም በሬ ሲቀልብ የከረመው እሱ ነው።

ሰው ሲበተን ካቡ ድረስ ሄድኩ፤ ባዩ ተከትሎኝ መጣ።

"ጋሼ ባዩ፣ ያን ዕለት ለምን ዝም አልክ?" አልኩት።

"ምን ልበል?"

"ስሟን። ታውቃታለህ።"

"ምን ነካሽ ውባለም" አለ፣ እንደ መቆጣት ብሎ። "እኔ የፈለግሁት መሬት ነው። አንቺን ከትዳርሽ ላፈናቅል ወጣሁ? ደሞስ ያ ነገር በባዕድ ፊት የሚነሣ ነው? የኛው ጉዳይ ነው።"

"አባባስ? ተቆጥተውኝ ሞቱ?"

"እኔንስ አልተቆጡኝም" አለ ባዩ። "እስከ ግንቦት አብረን ስንለቅም ነበር፣ እዚሁ፣ እሳቸው ቁጭ ብለው። በዘንጋቸው መሬቱን መታ መታ ያደርጉና ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። ደግመው ይጀምራሉ፣ ያቆማሉ። እኔ ስሟን ስልላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አይሆንም። ካንቺ ነበር የሚፈልጉት።"

ከዚያ፣ "በይ አሁን እኔና አንቺ ነን። በያት" አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ከወዲያ ማዶ ኃይለ ሚካኤል "ውባለም! መሸብን እኮ፣ ነይ እንጂ!" ብለው ተጣሩ። "መጣሁ" አልኩ። ሄድኩ።

አገሬን የጠላሁት በክሱና በድንጋዩ ነበር። በዚያው ክስ ላይ ያ ሁሉ ሰው፣ ባላጋራዬ ሳይቀር፣ ነውሬን ባንድ ልብ ሸፈነልኝ። ንፋስ መውጫ ሠላሳ ዓመት ስኖር ጎረቤቶቼ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ እንደዚያ የሚሸፍነኝ ግን አንድም አላገኘሁ፣ አንዳቸውም አያውቁኝማ። ማንነቴን አልነገርኳቸው። ባሌ ያቺን ስም ሳያውቅ ሞተ። ኃይለ ሚካኤልም፣ ባዩም ሞቱ። ርስት በአዋጅ ቀረ፤ ካብ ሥርን ዛሬ የሚያርሰው ማን እንደሆነ፣ የወደቀ ድንጋይ ቢኖርም የሚመልሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ልጆቼ አገራችሁ ወዴት ነው ሲባሉ "ንፋስ መውጫ" ይላሉ። ቆጠራ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ስድስት ነው ያስተማርኳቸው።

ስለዚህ በራሴ እጅ፣ እንደምችለው፣ ጻፍኩት። ልጆቼ ሆይ፣ የያዛችሁት ጎዶሎ ነው፤ እንዲህ አርሙት። ቀለመ ወርቅ የካሣነሽ። ካሣነሽ የወለተ ጊዮርጊስ።