በሌለበት የተነበበ ቃል

ዝናብ የመታው የእንሰት ቅጠል በሸተተኝ ቁጥር አጠገቤ የተቀመጠውን ወንድሜን ሰርቄ አየዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ጦር ሜዳ ሞተ ተባለና አንጋጫ ቤታችን ለቅሶ ተቀመጥን። የካቶሊክ ሃይማኖት አስተማሪ (ካቴኪስት) የነበሩት አያታችን የሙታንን ጸሎት በላቲን አነበቡለት፤ ኋላም ከጸሎቱ አንዱን ቃል ለእኔ ፈቱልኝ። «ቴዴት ማለት ታከታት ማለት ነው። የሥራ ድካም ተኝተሽ ስትነሺ ይለቅሻል፤ ይሄ ግን ነፍስ መኖር ሲታክታት ነው።»

ወር ሳይሞላ ወንድሜ በዝናብ በእግሩ መጣ። ከጓሯችን እንሰት መሃል ግን አልወጣም አለ።

«ምን ሆንክ ልጄ?» አለችው እናቴ።

«ቴዴት» አላት። ላቲን ተምሮ አያውቅም።

አያታችን አማተቡ። «ጸሎቱን ያነበብን ቀን ሰምቶናል» አሉኝ ቀስ ብለው።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ቤት ገባ፤ በላ፤ ኋላም አገባ፣ ወለደ። አያታችን ግን እስኪሞቱ ድረስ በሙታን ጸሎት ላይ ስሙን መጥራት አልተዉም።