የግድግዳ መድኃኒት

ሻጯ በባሮ ዳር ገበያ ከቲማቲሟ ኋላ ተቀምጣለች፤ ትንሿ ልጇ ከጎኗ ቆማ ቲማቲም ትገምጣለች፤ እኔ ዘንቢሌን ይዤ ከፊታቸው ነኝ።

«እማማ ውሰጂ፣ ትል የለውም። ትናንት ማታ መድኃኒት ረጭተን ዛሬ ለቀምን።»

አንዱን አንስቼ ሳሸተው የእናቴ ጓሮ ሸተተኝ።

እናቴ የወባ ረጪዎች የቤታችንን ግድግዳ ረጭተው ሲጨርሱ የተረፈውን የመድኃኒት ዱቄት ለምና፣ ትል እንዳይበላው ጎመኗ ላይ ትነሰንስ ነበር። አንድ ቀን ረጪውን ምሳ ጋበዘችው። ጎመኑ ሲቀርብ እጁን ሰበሰበ።

«እትዬ፣ እሱ ለግድግዳ ነው እንጂ ለሆድ አይደለም።»

«ግድግዳውን ምን አደረገው?» አለችው።

ሰውየው እንጀራውን በበርበሬ በልቶ ተነሣ። እናቴ «ጎመኔን ናቀ» እያለች ተቀይማ ዋለች። እኔም ለብዙ ዓመታት ባለጌ ሰው ይመስለኝ ነበር። የእሱን ድርሻ የበላነው እኛ ልጆች ነን።

ቲማቲሙን ለሻጯ መለስኩላት። «ከተረጨ በኋላ ሳይሰነብት አይበላም። ለልጅሽም አትስጪያት» አልኳት።

«እኛ ሁሌ እንበላለን፤ ምን ሆንን?» ብላ ሳቀች። ትኩር ብዬ ሳያት ግን ቲማቲሙን ከልጅቷ እጅ ወሰደች፤ በቀሚሷ ጠርጋ መልሳ ሰጠቻት።

«ይኸው፣ ጸዳ» አለችኝ።

ዘንቢሌን አንስቼ ሄድኩ።