ጎሹን ያሳለፈው ሰው

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢደመር ምን ይሆናል? ካረጀሁ ወዲህ ይህን ጥያቄ ዘወትር አነሳዋለሁ፤ አጥጋቢ መልስ ግን አላገኘሁለትም። በቀድሞዎቹ ወላይታዎች ዘንድ መልሱ ቀላል ነበር። ሰው ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል፤ አውሬ የገደለ ጦሩን ይዞ መሐል ይገባና ገሬሳ የሚባለውን ፉከራ ያሰማል። ያልገደለ ዳር ቆሞ ፉከራውን ይቀበላል። ዕድሜ ማለት የገደሉት ነበር።

የልጅነት ጓደኛዬ ይስሐቅ ቦሼ ዕድሜውን ሙሉ ዳር ቆሞ ሲቀበል የኖረ ሰው ነው። አባቱ ቦሼ፣ ከሃላሌ በታች ወደ ኦሞ በሚወርደው ቆላ ጎሽ ገድሎ ስሙ በየለቅሶው የሚነሳ ጀግና ነበር። በዚያው ቆላ የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ሲቋቋም ልጁ ስካውት ሆኖ ተቀጠረ። አባት የገደለውን፣ ልጅ ሊጠብቅ! ጠመንጃ ተሰጠው፤ ሥራው ግን እንዳይተኮስ ማድረግ ነበር።

ታሪኩ የሚባለው ነብር የገደለ የአጎቱ ልጅ በለቅሶ ላይ እንኳ አይምረውም።

«ይስሐቅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ጠመንጃ ተሸክመህ ጥንቸል እንኳ የለህም?»

«ጥንቸሏማ አለችኝ። ወደ ቆላ ውረድና እያት።»

ለቀስተኛው ሳቁን ያፍናል። ይስሐቅም ይስቃል። ባለቤቱ ብሩክታይት ግን፣ «ቤት ሲገባ ዝም ይላል፤ እንደ አባቱ እንዲባልለት አጥብቆ ይመኝ ነበር» ብላኛለች።

በአንድ የድርቅ ዓመት አንድ ኮርማ ጎሽ ከጥብቁ ወጥቶ የታሪኩ በቆሎ ውስጥ ገባ። የመንደሩ ሰዎች ጦር ይዘው ከበው ወደ ገደል አፋፍ አስጠጉት። ይስሐቅ ሮጦ ሲደርስ ሁሉም ዞር ብሎ ጠመንጃውን አየ።

«እግዚአብሔር ሰጠህ!» አለው ታሪኩ። «ሰው ሊወጋ ነበር ብንል ማን ይጠይቅሃል? ተኩስ! የቦሼ ልጅ ሁን!»

ለጀግንነት አንዲት ጥይት ብቻ ነበረች የቀረችው። ከዚያ ወዲያ በየለቅሶው ሜዳ መሐል መግባት ይችላል። ጠመንጃውን አነሳ፤ ማነጣጠሩን ሁሉም አይተዋል። ትንሽ ቆየና አፈሙዙን ወደ ምድር መለሰው።

«በታች በኩል ክፈቱለት» አለ።

የሚንቀሳቀስ ጠፋ። ራሱ ሄዶ ሁለት ሰዎችን በክንዱ ገፍቶ በር አበጀለት። ጎሹ በዚያች ክፍተት ሲወጣ ይስሐቅን መታው፤ ጭኑ ተሰበረ። ወድቆም፣ «እንዳትከተሉት!» እያለ ይጮህ ነበር።

ዱቦ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ታሪኩ ሊጠይቀው መጣ።

«ያሳለፍከው እሱ፣ የሰበረህ እሱ! ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ጀግንነት ነው?»

«እኔ አነክሳለሁ፣ እሱ ይሮጣል። ሥራዬ ይኸው ነው።»

ጡረታ ሊወጣ ሲል አብሬው ወደ ቆላው ወረድኩ። አፋፉ ላይ ቆሞ በከዘራው ጠቆመኝ። ጎሾች ከነጥጆቻቸው ከውሃው ዳር ይወጡ ነበር። «አየሃቸው?» አለኝ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ አባቱ ጦር ይዞ ሜዳ ሲገባ እንደሚቆመው ቆሞ። ቦሼ የገደለው ጎሽ በዚያው ቀን አለቀ። ይስሐቅ ያሳለፈው ገና አላለቀም። ይህን ሳስብ፣ የዚህ ሰው ጓደኛ በመሆኔ እኮራለሁ።

ባለፈው ዓመት ሲታመም፣ አሁን የጎሳው ሽማግሌ የሆነውን ታሪኩንና የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ አቶ ብርሃኔን አስጠርቶ፣ ሲሞት ገሬሳ እንዲባልለት ጠየቃቸው።

«ወንድሜ፣ ገሬሳ የገዳይ ነው» አለ ታሪኩ፤ በዚህ ጊዜ አላሾፈም። «ምን ገደለ ብለን እንፎክርልህ?»

«የዓለም ዘፈን በአማኝ ቀብር ላይ እንዴት ይሆናል፣ ጋሼ?» አለ ብርሃኔ። «መዝሙር እንዘምርልሃለን።»

«መዝሙሩ ይዘመር። ከመዝሙሩ በኋላ ግን አንድ ጊዜ፣ ጦር ይዛችሁ፣ ‹ጎሽ አሳለፈ› በሉልኝ።»

በቀብሩ ቀን ሜዳው ሞልቶ ነበር። መዝሙሩ ተዘመረ። ጦር ይዞ የመጣ ግን አልነበረም፤ ‹ጎሽ አሳለፈ› ያለለትም የለም።