ለእማዬ የነገርኳት አራት ሰዓት

ልጄን የወለድኩ ሰሞን እናቴ ከደሴ ካይሮ ልትመጣ ተነሳች። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ትኬቱን የቆረጠላት እዚህ የሃይማኖት ትምህርት የሚማረው ባለቤቴ ነው፤ ለእኔ የቀረው በስልክ ማስረዳት ብቻ ነበር።

«ከአዲስ አበባ ካይሮ ምን ያህል ይርቃል?» አለችኝ።

«አይርቅም እማዬ፤ በረራው አራት ሰዓት ነው።»

«እሰይ፣ በጊዜ ነዋ!»

ቶሎ እደርሳለሁ ማለቷ መስሎኝ እኔም ደስ አለኝ።

በጉዞዋ ዕለት ገና በጠዋቱ ልጄን እያጠባሁ ስልኬ ጠራ።

«ደርሻለሁ» አለች።

«የት?»

«ኤርፖርት ነዋ! አራት ሰዓት አላልሽኝም? ሱብሒ ሰግጄ መጥቼ ‹አስገቡኝ› ብል ‹ገና ነው› ይሉኛል።»

በረራዋ ከሰዓት በኋላ ነበር። «እማዬ፣ እኔ እኮ አራት ሰዓት ያልኩሽ መንገዱ የሚፈጀውን ነው!»

«እኔ ምን ያህል ይርቃል ነው ያልኩሽ። አራት ሰዓት ርቀት ነው እንዴ?»

ባለቤቴ ሳቁን አፍኖ ወደ ኩሽና ገባ። እኔ ወዳደረችበት አክስቴ ቤት ተመልሳ እንድታርፍ ብለምናት፣ «አውሮፕላን እንደ ደሴ አውቶቡስ ሰው እስኪሞላ የሚቆም መሰለሽ?» ብላ ዘጋችብኝ።

ሊቀበላት የሄደው ባለቤቴ ነው። ከኤርፖርቱ እስከ እኛ ሰፈር እስከ ሀረም ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ በዚያ ላይ ሄሊዮፖሊስ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ከታክሲ ውስጥ ደወለችልኝ፦ «ሾፌሩ ‹ማሌሽ፣ ማሌሽ› እያለ ይቅርታ ይለኛል እንጂ ንቅንቅ አላለም። እስከ ቤትሽ የሚበር የለም?»

በሩን ስከፍት እናቴ የአንዲት የማላውቃት ወጣት ሴት እጅ ይዛ ቆማለች። ባለቤቴ ከኋላ ሻንጣ ተሸክሞ «እኔን አትጠይቂኝ» በሚል ዓይን ያየኛል።

«አዲስ አበባ ኤርፖርት አብረን ነው የዋልነው» አለች እናቴ። «የጎጃም ልጅ ናት፤ ዛማሌክ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ልትሠራ ነው የመጣችው። አውሮፕላኑ ውስጥ ፈርቼ ሲያቅተኝ ቀበቶዬን ያሰረችልኝ እሷ ናት። የሚቀበላት ሰው ቢቀር ጥያት ልምጣ?»

«እትዬ፣ ሰውዬው እኮ ‹ቡክራ› ብሏል፤ ነገ ይመጣል» አለ ባለቤቴ።

«ነገ ይምጣ። ዛሬ እህቷ ቤት ታድራለች።»

እህቷ የተባልኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ አንገቷን እንደደፋች ዕንባዋ ዱብ ዱብ ሲል ሳይ፣ እናቴን መቆጣቴን ትቼ ጫማዋን አስወለቅኳትና ሳሎን ፍራሽ አነጠፍኩላት። በማግስቱ ባለቤቴ ራሱ ዛማሌክ ድረስ ወስዶ፣ ቤቱንና ሰዎቹን አይቶ፣ ስልካችንንም ሰጥቷት ተመለሰ።

እናቴ አርሳኝ፣ ልጄን አፋፍታ ወደ ደሴ ተመለሰች። ዛሬም ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ፣ «ልጄ እንዴት ናት?» ብላ ነው። እኔን ማለቷ አይደለም። ልጅቷ የዕረፍት ቀኗ ሲደርስ እኛ ዘንድ ትውላለች፤ እሷ በጾም ስትመጣ እኔ ሽሮ እሠራለሁ፣ እኔ በረመዳን ስደክም እሷ ሳህኑን ታጥባለች። አሁን አፉን የፈታው ልጄ «አክስቴ» ይላታል። ልትሄድ ስትነሳ አንዱን ጫማዋን አልጋ ሥር ይደብቅና፣ ጎንበስ ብለን ስንፈልግ እሱም አብሮን ይፈልጋል።